አየር ላይ የማይውል ማይክ

ይድረስ፦ በባሕር ዳር ለምትገኙ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች የስፖርት ክፍሎች፣
ተለማማጅ ለምትልኩ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች፣
ለባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ

ጉዳዩ፦ የስፖርት ተለማማጆች ጨዋታ ማስተላለፍን በተግባር እንዲማሩ ስለመጠየቅ



እኔ የ2011 ዓ.ም ተለማማጅ ነኝ። ዓመቱን የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሕር ዳር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተበት ዓመት ነው። ያኔ የክለባችንን፣ የጣና ሞገዶቹን፣ ዓርማ ያልለጠፈ ባጃጅ መፈለግ ነበረባችሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኖ ስፖርት ዴስክ መግባት ያልተመኘ ጓደኛ አልነበረኝም። እኔም ማኅተም ያረፈበትን የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ አንድ ጣቢያ ደጅ ቆምኩ። ጣቢያው በሌላ ከተማ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ክስ የለኝም። ታሪኩን የማነሳው ከየከተማው ከልምምድ የሚመለሱ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ ያንኑ ስለሚነግሩኝ ነው።

ሁለት ወር ቆየሁ። በሁለቱ ወር ውስጥ የአርሰናልን ጉዳተኞች ዝርዝር ከኢንተርኔት ተርጉሜአለሁ፤ ሰኞ ጉልበቱን የታመመው ተጫዋች ረቡዕ ቋንጃው ላይ ሆነብኝና አዘጋጁ ሳያየው አለፈ። የካሜራ መቆሚያ ተሸክሜአለሁ። ሌላ ሰው ድምፅ የሚሰጥበትን ጽሑፍ ጽፌአለሁ። አብራኝ የተመደበች የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ ከጨዋታ ውጭ የሚለውን ሕግ ከእኔም ከአለቆቻችንም አብልጣ የምታውቅ። እሷን የአየር ሁኔታ እንድታነብ ላኳት፤ «ድምፅሽ ለዜና ይሆናል» ተባለች። የትምህርት ቤቶች ውድድር ለመቅረጽ በተወጣበት ቀን መኪናው ሞላ ተባልንና ሁለታችንም ቀረን። ልምምዱ ሲያልቅ የግምገማው ቅጽ ተሞላ፤ ሰዓት ማክበር፣ ተግባቦት፣ ታዛዥነት። ከ100 95 አገኘሁ። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ጨዋታ፣ ለአንድም ደቂቃ፣ ለማንም አላስተላለፍኩም።

የተቀነሰችብኝ 5 ነጥብ ለምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጨዋታ ማስተላለፍ በክፍል ውስጥ አይገባም። ዜና ሲሆን ነገሩ አልቆ ነው የምትጽፈው፤ ትሰርዛለህ፣ ትደልዛለህ፣ አዘጋጁ ያርምልሃል። ጨዋታ ግን አፍህ ውስጥ እያለ ይለወጣል። «አማካዩ ኳሷን ይዞ ወደ ፊት» ብለህ ዓረፍተ ነገሩን ሳትዘጋው ኳሷ ተነጥቃለች። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ ፈተናው ይበረታል፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው መቋጫው ላይ ነው፣ መቋጫው ላይ ሳትደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። ጥሩ አስተላላፊዎች ዓረፍተ ነገራቸውን ያሳጥራሉ፣ አንዳንዴም ግሱን ትተው «ረጅም ኳስ፤ ተከላካዩ በግንባሩ፤ እጅ ውርወራ» እያሉ ያልፋሉ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሠርቼ፣ ተሳስቼ፣ የራሴን ድምፅ እየሰማሁ አፍሬ ነው የገባኝ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥንም አንድ አይደሉም። በቴሌቪዥን ምስሉ ስለሚናገር አስተላላፊው ስምና ምክንያት ይጨምራል፣ ዝም የሚልበትንም ያውቃል። በሬዲዮ ዝም ካልክ ሜዳው ጠፋ። ቢቢሲ በጥር 1927 እ.ኤ.አ. የአርሰናልንና የሸፊልድ ዩናይትድን ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ፣ ሜዳውን በስምንት ካሬ የከፈለ ሥዕል አስቀድሞ በመጽሔቱ ላይ አትሞ ነበር። አንዱ ሰው ጨዋታውን ሲናገር ሌላው ኳሷ ያለችበትን ካሬ ቁጥር ይጠራል፤ አድማጭ ቤቱ ተቀምጦ ጣቱን ሥዕሉ ላይ ያንቀሳቅሳል። አሜሪካዊው የቤዝቦል አስተላላፊ ሬድ ባርበር ደግሞ አጠገቡ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ያቆም ነበር፤ አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገርና ይገለብጠዋል። የእኛን ሬዲዮ ከፍታችሁ ውጤቱን ለመስማት ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቁ አንድ ቀን ለኩት። እኔ ለክቼ ተናድጃለሁ፤ ከዚያ የራሴን ቅጂ ለክቼ ዝም አልኩ።

ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ገና አልተወለደም ነበር፤ የተጀመረው በ1957 ነው። ታላቁን ድላችንን ስታዲየም ላልገባው ሰው በቀጥታ ሊያደርስ የሚችለው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላም አስተላላፊዎቹን ሰለሞን ተሰማን፣ ደምሴ ዳምጤን እየሰማ ያደገው ትውልድ ሜዳውን ያየው በጆሮው ነው። አባቴ የደምሴን ድምፅ ሲያስመስል ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። የዛሬ ልጅ የማንን ድምፅ ያስመስላል? አብዛኞቹ የእንግሊዝ አስተላላፊ ነው የሚያስመስሉት፣ ጩኸቱን ጨምሮ። አልፈርድባቸውም። ተለማማጅ ሆነው የሚሰጣቸው ሥራ የእንግሊዝን ሊግ መተርጎም ከሆነ ሌላ ከየት ያምጡ?

ከጣቢያው ተመልሼ ባሕር ዳር ስገባ በራሴ ልማር ብዬ ተነሳሁ። ጨዋታ በየቀኑ የለም፤ ጣና ግን በየቀኑ አለ። ጠዋት ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር እወርድና ድምፄን በስልኬ እቀርጻለሁ፤ የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ጨዋታ አስተላልፋለሁ። አንድ ቀን ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ሲመጣ አየሁና ጀመርኩ። «ታንኳው እየቀረበ ነው… ቀዛፊው እየቀዘፈ ነው… አሁንም እየቀረበ ነው…» አርባ ሰከንድ ሳይሞላ ቃል አለቀብኝ። ፈጣን ነገር ያስቸግራል ይባላል እንጂ የቀርፋፋው ይብሳል፤ ፈጣኑ ቢያንስ ራሱ ይገፋሃል።

አጠገቤ መረቡን የሚጠግን ዓሣ አስጋሪ ነበር። ቀና ብሎ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ። አፍሬ ነገርኩት። ሳቀና ታንኳውን እያየ፣ «እየቀዘፈ ነው ካልክማ ምን ነገርከኝ? በምን ይቀዝፋል? ያ የያዘው ቀርቀሃ ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያነሳል፤ አሁን ግን ሁለት ጊዜ በግራ ብቻ አነሳ፣ አየኸው? ነፋሱ ከዚህ ስለሚገፋው አፍንጫውን እያቀና ነው። ጭነቱ ከኋላ ከብዷል፤ ዳር ሲደርስ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ሳይሆን እንጨቱ ነው» አለኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» ብዬ ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩ። አልደገመውም። መረቡ ላይ አቀረቀረ። ታንኳው ዳር ሲደርስ ግን እንዳለው ሆነ፤ ቀዛፊው ሳይነሳ እንጨቱን ገፍቶ አወረደ።

ስለ ጨዋታ ማስተላለፍ ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ያቺን ግማሽ ደቂቃ የሚያህል የለም። ምን እንደሚታይ፣ ለምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ፤ ሦስቱንም ተናግሮ ጨርሷል። እኔ ቅጂውን ቤት ገብቼ ስሰማው ግማሹ ነፋስ ነበር። ማይክ በጨርቅ መሸፈን እንዳለበትም የዚያን ቀን ተማርኩ።

አሁን ወደ ስታዲየማችን ልምጣ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን እዚሁ 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሕዝቡ መካከል ሆኜ በስልኬ ለማስተላለፍ ሞከርኩ። ቅጂው አሁንም አለኝ፤ ከጩኸት በቀር የሚሰማው «ኧረ! ኧረ!» የሚል የእኔው ድምፅ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ የማዳጋስካርን ተጫዋቾች ስም ሳይደናቀፍ የሚጠራ ሰው ለቀሪው ዕድሜው ስም አይፈራም። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 2 ከዚምባብዌ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስንጫወት ቤቴ ሆኜ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ አስተላለፍኩ። በ94ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። አቡበከር ናስር ወደ ኳሷ ሲሄድ እኔ ቀደምኩትና «ገባ!» አልኩ። ኳሷ ገባች፣ 1 ለ 0 አሸነፍን፤ ግን ሳይመታ ነው ያስገባሁለት። ቅጂውን ሳዳምጥ በረኛው ወደ የት እንደወደቀ፣ ዳኛው ስንት ደቂቃ እንደቀረው፣ ምንም አልተናገርኩም። ስሙን ብቻ እየደጋገምኩ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመጣ ምላሴን እነክሳለሁ።

ሐምሌ 2013 ደግሞ ከ23 ዓመት በታች የሴካፋ ውድድር እዚሁ ከተማ ተካሂዶ ታንዛኒያ ዋንጫውን ወሰደች። በአንድ ወር ውስጥ ያን ያህል ጨዋታ! ፕሪሚየር ሊጉም በ2013 በተራ ከተካሄደባቸው ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ነበረች፤ የ2015 ውድድርም የተከፈተው እዚሁ ነው። በእነዚያ ወራት የተመልካች ሰገነት ላይ ጥግ ይዞ፣ መቅረጫ ታቅፎ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያስተላልፍ ስንት ተለማማጅ አይታችኋል? እኔ እንኳን ከጎኔ አንድ ጓደኛ ባገኝ ብዬ ዞር ዞር ብዬ ፈልጌአለሁ። ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች ሲከለክል ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ከጋና ጋር የነበረበትን የሜዳውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄዶ ተጫወተ። በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው ክለባችንም በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ሲያሰናብት የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው አዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ሄደ፤ ማንም አልተመዘገበም።

«የማስተላለፍ መብት የለንም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። የፕሪሚየር ሊጉን የምስል መብት በ2013 የገዛው ሱፐርስፖርት ነበር፤ መብቱን ያልገዛ ጣቢያ ካሜራ ይዞ ገብቶ በቀጥታ ማስተላለፍ አይችልም። ልክ ነው። ነገር ግን የተገዛው ማስተላለፍ ነው እንጂ መማር አልተገዛም። ተለማማጅ ከማሰራጫ ጋር ባልተገናኘ ማይክ ሲናገር የማንም መብት አይነካም። ደግሞስ ማንም ያልገዛው ስንት ጨዋታ አለ! የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የቀበሌ ዋንጫ፣ የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ የሴቶች እግር ኳስ፣ የታዳጊዎች ቡድን ልምምድ። የጸጥታ ችግር ጨዋታ ባሳነሰብን ጊዜ እነዚህን መናቅ ቅንጦት ነው። የቀበሌ ዋንጫ ሜዳ መስመሩ በኖራ የተሰመረ፣ ግማሹ በላም የተረገጠ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ቁጥር የለውም፤ ሁለቱም ቡድን ቀይ ሊለብስ ይችላል። እዚያ አስተላልፎ የወጣ ልጅ ሁለት ቡድን ለይቶ፣ አሰላለፍ ተሰጥቶት፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ቢያስተላልፍ ምን ያቅተዋል?

አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ጥር 23 በአዊ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ፈረሱ ሲጋልብ፣ ሲሸመጥጥ፣ ሲሰግር ለእያንዳንዱ ስም አለው፤ ለጌጡ፣ ለኮርቻው፣ ለመልኩም እንደዚሁ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአዊኛም ያሰራጫል። ያንን ትርኢት በአዊኛ፣ እንደ ውድድር፣ ትንፋሽ በሚያሳጥር ፍጥነት የሚያስተላልፍ ወጣት መውጣት ያለበት ከዚያው ከፈረሰኞቹ ልጆች መካከል ነው። ልምምድ ሲመደብ የሚጠየቀው ግን በየትኛው ካምፓስ እንደሚማር ነው፤ ፈረስ ያውቃል ወይ የሚለው በቅጹ ላይ የለም።

ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። የስፖርት ክፍሎች ሆይ፣ ለተለማማጁ ጨዋታ በወጣችሁ ቁጥር አንድ ማይክ፣ አንድ መቅረጫ ስጡት፤ ከማሰራጫው ጋር አታገናኙት። ከእናንተ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ሙሉ 90 ደቂቃውን ያስተላልፍ። በማግስቱ አንድ ሰው፣ ይመረጣል ጉዳዩ የሚያንገበግበው ሰው፣ ግማሽ ሰዓት አብሮት ያዳምጥ። መጀመሪያ ውጤቱን ስንት ጊዜ ተናገርክ ብሎ ይቁጠርለት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ኳሷ የት እንዳለች ለማወቅ ይሞክር፤ ያልታወቀበት ቦታ ላይ ያቁመው። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፣ የቦርድ ውሳኔም አይጠይቅም። ሴት ተለማማጅ ስትመጣም ማይኩን ለእሷ ስጡ፤ የአየር ሁኔታውን የሚያነብ አይጠፋም። የመኪና ወንበር ሲጠብም ተለማማጁን ትታችሁ አትሂዱ፤ ለባጃጅና ለምሳ የምትሆን ጥቂት ብር ከተገኘች ራሱ ይደርሳል።

የትምህርት ክፍሎች ሆይ፣ ያንን ቅጽ ለውጡት። ታዛዥነት የሚለውን ሰርዛችሁ በቦታው ሦስት ቅጂ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት፣ የመካከሉና የመጨረሻው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ልዩነት ሰምታችሁ ነጥብ ስጡ። ተማሪው ቅጂ ማምጣት ግዴታ ሲሆንበት ጣቢያው ማይክ መስጠት ግዴታ ይሆንበታል፤ የእኔ ሁሉ ተንኮል እዚህች ላይ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጋዜጠኝነት ተማሪም የስፖርት ሳይንስ ተማሪም አለ። አንዱ አፍ አለው፣ አንዱ ሕጉንና ጡንቻውን ያውቃል፤ አንድ መቅረጫ ፊት አጣምራችሁ አስቀምጧቸው። አስተላላፊና ተንታኝ የሚባለው ጥንድ ከዚያ ይጀምራል።

ክለባችን ደግሞ በሩን ይክፈትልን። ልጁ ልምምድ ላይ ቆሞ ተጫዋቹን «ስምህን አንተ እንዴት ነው የምትጠራው?» ብሎ ይጠይቅ። ከውጭ የመጡ ተጫዋቾች ስም በየጣቢያው በየዓይነቱ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ አንዱን ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ውስጥ በሦስት ስም የጠራ ሰውም አውቃለሁ፣ ሦስት ሰው መስሎት ሊሆን ይችላል። የታዳጊ ቡድኑን ጨዋታ ለተለማማጆች ስጡ። ተጫዋቹም አስተላላፊውም አብረው ይደጉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ሲናገር ከልጅነቱ ያውቀዋል።

«ተለማማጅ ጊዜ ይበላል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይበላል። እናንተም የአንድ ሰው ጊዜ በልታችሁ ነው እዚያ የደረሳችሁት፤ ቆም ብላችሁ አስቡ፣ ስሙ ይመጣላችኋል።

ስለ እኔ ትጠይቁ እንደሆነ ስፖርት ጋዜጠኛ አልሆንኩም። የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እመራለሁ። ሙሽሮች ሲገቡ ሰው ሁሉ የሚወደኝ ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አገባባቸውን የማስተላልፈው እንደ ማዕዘን ምት ነው። ትርፍ ጊዜዬን የሰፈር ዋንጫ ላይ አሳልፋለሁ። ያቺ የአየር ሁኔታ ያነበበችው የክፍሌ ልጅ ሥራ ቀይራለች፤ አልፎ አልፎ ስትመጣ አጠገቤ ቆማ ከጨዋታ ውጭ የሆነውን ከመስመር ዳኛው ቀድማ ትነግረኛለች። እስካሁን አልተሳሳተችም።

ሁለት መቅረጫ፣ አንድ ማዳመጫ፣ በጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ማይኮች አሉኝ። ሠርግ በሌለበት ቀን ሁሉ ለሚመጣ ተለማማጅ አውሳለሁ፤ ኪራይ አልጠይቅም። ቅጂውንም አብሬ አዳምጣለሁ። ከእናንተ የምጠብቀው ልጆቹን እንድትልኩልኝ ብቻ ነው፤ ባትልኩልኝም ማይኩን እናንተው ስጧቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የ2011 ዓ.ም ተለማማጅ
ባሕር ዳር